ዶሮዋን ውሰዳት ያልኩት ሰውዬ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ፎቶዬን አጠፉብኝ። ገና ከመለጠፌ! ሻይ ጥጄ እስክመለስ የለም። በቦታው አንድ መስመር ጽሑፍ አለ፤ ስልኬ ሲተረጉመው «አዲስ አባል በመጀመሪያ ራሱን ያስተዋውቃል» ይላል። ለካስ ሰላም ሳልል ነው ሰው ቤት ዘው ያልኩት። አፈርኩ። ተናደድኩም። እንግዳ ቢሳሳት «ነይ ቁጭ በዪ» ይባላል እንጂ በር ይዘጋበታል እንዴ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀጉር ቤቴ ውስጥ፣ ከመስታወቱ በላይ ባለው መደርደሪያ፣ አሮጌ መጫወቻ እደረድራለሁ። የቆርቆሮ መኪና፣ አንድ እጅ የሌላት አሻንጉሊት፣ ከበሮ የሚመታ ዝንጀሮ (ከበሮው ጠፍቷል፣ አየር ነው የሚመታው)። ከሰልባጅ ተራ የለቀምኳቸው ናቸው። ዋናዋ ግን ዶሮዋ ናት። ቁልፏን ሲያዞሩላት እየዘለለች የምትለቅም የቆርቆሮ ዶሮ። አባባ የአሰብ መስመር ሹፌር በነበረ ጊዜ ለእኔና ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ዘነቡ ያመጣልን።

ደንበኞቼ «በዚህ ዕድሜሽ!» እያሉ ይስቁብኛል። ቅዳሜ ዕለት ሳሮን የምትባል ደንበኛዬ ካስክ ውስጥ ተቀምጣ ስልኳን ስትጎረጉር «ሙልዬ፣ እንዳንቺ ያበዱ ሰዎች የተሰበሰቡበት አገኘሁልሽ» አለችኝ። አሮጌ መጫወቻ የሚሰበስቡ የዓለም ሰዎች የሚያወሩበት ፎረም። እዚያው አስመዘገበችኝ፣ ፀጉሯ ደረቀ፣ ሄደች። እኔ ብቻዬን ቀረሁበት፣ የዶሮዋን ፎቶ ለጠፍኩ።

እሺ፣ ሰላምታ ነው የፈለጉት? ጻፍኩ። «እንደምን ሰነበታችሁ፣ ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው ወይ፣ ክረምቱ እንዴት አለፈ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ከኮልፌ ነኝ…» አሳምሬ። አንድ ሰው አውራ ጣት ላከ። በቃ። የእነሱ ቤተሰብ ደህና ይሁን አይሁን እስካሁን አላወቅኩም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዛሬ በደንቡ ገባሁ። ያልገቡኝ ነገሮች፦

በሰው ርዕስ ሥር የራስን ጉዳይ መጻፍ ነውር ነው። ጻፍኩ። ዘበኛው ገሠጸኝ። (ዘበኛው የምለው ሕግ የሚያስከብረውን ሰውዬ ነው፤ ስሙን ማንበብ አልቻልኩም።)

የቆየ ወሬ መቀስቀስም ነውር ነው። አንዱ ከዓመታት በፊት ስለ ቆርቆሮ ባቡር ጠይቆ ማንም አልመለሰለትም። አሳዘነኝና «አይዞህ» አልኩት። ለዚህም ተገሠጽኩ።

ካርቶን። ሁሉም «ካርቶኗ አለ?» ይሉኛል። የመጫወቻ ካርቶን ማን ያስቀምጣል? እማማ በርበሬ አድርጋበት ይሆናል። ጭራሽ ከካርቶኗ ወጥታ የማታውቅ ብትሆን የበለጠ ትከበር ነበር አሉኝ። ልጅ ያልነካው መጫወቻ ምኑን መጫወቻ ሆነ? እነዚህ ሰዎች መጫወቻ ይወዳሉ ወይስ ካርቶን?

ግን አንድ ድል አለኝ። እንደገና የለጠፍኩት የዶሮዋ ፎቶ ቆመ! አልጠፋም። ኦቶ የሚባል ሽበታም ሰውዬ «እንዴት ታምራለች! ልጅ ሆኜ ልክ እንደዚህ ያለች ነበረችኝ፣ ስፈልጋት ነው የኖርኩት» ብሎ ጻፈ። ይኼን ሁሉ ዓመት ሲሳቅብኝ ከርሞ አንድ ሰው አደነቀልኝ። እንባዬ መጣ። «ውሰዳት፣ ያንተ ትሁን» ብዬ መለስኩለት። ሌላ ምን ይባላል? ሰው «ቀሚስሽ ሲያምር!» ሲል «ውሰጂው» ይባላል፣ እሷም «አንቺው ላይ ነው የሚያምረው» ትላለች፣ አለቀ። ዛሬ ደስ ብሎኛል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ኧረ የወላዲት ያለህ! ሰውዬው አድራሻውን ላከ።

የመንደሩን ስም፣ የቤቱን ቁጥር፣ ሁሉንም። የመላኪያውን እኔ እችላለሁ ይላል። «አለቀስኩ፣ ለሚስቴም ነገርኳት» ይላል። ከሥሩ ሌሎቹ ተሰልፈው ልብ ይልኩልኛል። «እንዲህ ያለ ደግ ሰው ፎረማችን አይቶ አያውቅም» ብሏል ራሱ ዘበኛው። ሰኞ በአውራ ጣት የሸኙኝ ሰዎች ዛሬ ጻድቅ አደረጉኝ።

የደንበኛ ፀጉር በቢጎዲ ጠቅልዬ መልሼ እፈታዋለሁ። «ሙሉ፣ አመመሽ እንዴ?» ይሉኛል። ምን ልበል? የአባቴን ዶሮ ለማላውቀው ሰው መረቅሁ ልበል?

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ጋሽ ከድር ጋ ሄድኩ። ዕድሜ የጠገቡ ናቸው፣ ምክር አያጡም ብዬ። ሲሰሙኝ ቆዩና የስፌት መኪናቸውን አቆሙ።

«ውሰድ ብለሻል?» አሉ።

«ብያለሁ፣ ግን ጋሼ፣ ለወጉ እኮ ነው።»

«በአፍሽ ነው በጽሑፍ?»

«በጽሑፍ።»

«እንግዲያ ምን ቀረሽ ልጄ? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው።»

ምክር ልጠይቅ ሄጄ ፍርድ ተቀብዬ ተመለስኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ላስረዳው ሞከርኩ። «ለወግ ያህል ነው ያልኩህ» ብዬ ጻፍኩ። ስልኬ ምን ብሎ እንደተረጎመው እንጃ፣ ኦቶ «ክብረ በዓሉ መቼ ነው?» አለኝ። ክብረ በዓል ደግሞ ከየት መጣ!

የፎረሙን ሕግ አነበብኩት። አሁን! መጀመሪያ ማንበብ የነበረብኝን። «እሰጣለሁ ብሎ ያልሰጠ አባል ይታገዳል፣ ስሙም ይለጠፋል» ይላል። እንግዲህ እኔ ሙሉ፣ ደንበኛ የረሳችውን የፀጉር ሽቦ እንኳ ታክሲ ፌርማታ ድረስ ሮጬ የምመልስ ሴት፣ ሳምንት ሳይሞላኝ አጭበርባሪ ተብዬ ልለጠፍ ነው። ማን ያውቅሻል ይለኛል ልቤ። እኔ አውቀኛለሁ! ደግሞስ እዚያ ብቻ ነው እኮ ያልተሳቀብኝ።

ዶሮዋን አውርጄ በፎጣ ጠቀለልኳት። ልልካት። ፈታኋት። እንደገና ጠቀለልኳት። እትዬ ዘነቡንስ ምን እላታለሁ? የሁለታችን ናት። ብትሰማ ትገድለኛለች። ቢጨንቀኝ መሳቢያ ውስጥ ደበቅኳት። ከማን እንደደበቅኳት ግን አላውቅም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

እህቴ መጣች። ሳትጠራ! ከዘነበወርቅ ድረስ፣ ነገ ሰርግ አለብኝ፣ ፀጉሬን ሥሪኝ ብላ።

አጠብኳት፣ ጠቀለልኳት፣ ካስክ ውስጥ ከተትኳት። እፎይ ስል ከውስጥ ጮኸች። ካስክ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ይጮኻል፣ ራሱን አይሰማማ። «ዶሮዋስ?!» ቤቱ ሙሉ ሰው ዞረ። «ላጸዳት ብዬ…» ጀመርኩና አቃተኝ። ዘረገፍኩት። ኦቶን፣ አድራሻውን፣ የጋሽ ከድርን ፍርድ፣ ሁሉን።

ትቆጣለች ብዬ ነበር። ሳቀች። ደስ የማይል ሳቅ። ካስኩን ራሷ አጥፍታ ወጣችና «አሁን ገባሽ?» አለች።

«ምኑ?»

«አባባ ያረፈ ጊዜ ዕቃ ስንካፈል ዶሮዋን አንስተሽ ‹እንዴት ታምራለች› አልሽ። እኔ ‹ውሰጂያት› አልኩ። አንቺ ቦርሳሽ ውስጥ ከተትሻት።»

«እና? ውሰጂ አልሽኝ፣ ወሰድኩ!»

«አንቺው ጋ ነው የምታምረው ትያለሽ ብዬ ስጠብቅ፣ አንቺ ዚፑን ዘጋሽ» አለች። «ይኼው እዚህ በመጣሁ ቁጥር መደርደሪያሽ ላይ አያታለሁ።»

ፀጉሯን ጨረስኩላት። ሒሳብ አልቀበልሽም ብላት ግድ ብላ ከፍላ ወጣች። እህቴ! እኔ ቤት! ከፍላ!

እኔ ምን አጠፋሁ? በእህትና በእህት መካከል ደግሞ የምን ወግ ነው? እፈልጋታለሁ ብትል ምን ነበረበት? ይኼን ሁሉ እላለሁ። ዚፑን መዝጋቴ ግን ትዝ ይለኛል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ቀኑን ሙሉ ሰው በሰው። ምሳዬን ትቼ ለኦቶ ጻፍኩ፣ ስልኩ እንዳይሳሳት በአጭር በአጭሩ። «በአገሬ ሰው ዕቃ ሲያደንቅ ውሰድ እንላለን። ሰውየው አይወስድም። አንተ ይህን አታውቅም። ጥፋቱ የኔ ነው። ዶሮዋ የእህቴ ናት። ይቅርታ።» መጀመሪያ «የእኔና የእህቴ» ብዬ ነበር። ለምን እንዳጠፋሁት አላውቅም። ላክሁት።

መልሱ ወረደብኝ። አንዱ ሳቀ። አንዷ «የኔም አያት እንዲሁ ነበረች» አለች። አንዱ ውሸታም አለኝ፣ በትልልቅ ፊደል። ዘበኛው ርዕሱን ቆለፈው። ታገድኩ ወይስ አልታገድኩም? ማንበብ እችላለሁ፣ መጻፍ አልችልም።

የኦቶን መልስ ፍለጋ ስልኩን ስከፍት ስዘጋ አመሸሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ጠዋት የኦቶ መልእክት መጣ፣ ለእኔ ብቻ። «መደርደሪያዬ ላይ ቦታ አጽድቼላት ነበር። ከፍቶኛል። ግን ገብቶኛል፣ ለእህትሽ ስጫት» ይላል። ስጫት? እሰጣታለሁ መቼ አልኩ? የእህቴ ናት ነው ያልኩት! ሰውዬው እኮ የተባለውን እንደተባለ ነው የሚወስደው። ልመልስለት ስልኩን አነሳሁ፣ የሷ ከሆነች እኔ ጋ ምን ትሠራለች ቢለኝስ ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። «ዘበኛውን አነጋግሬልሻለሁ፣ አያግድሽም» የሚልም ጨምሯል። ደግ ሰው ነው። ላስከፋሁት ሰውዬ አዘንኩለት።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ታክሲ ይዤ ዘነበወርቅ ሄድኩ፣ ዶሮዋን በፎጣዋ ጉልበቴ ላይ አድርጌ። እውነቱን ልጻፍ፣ ማንም አያነበው። «ውሰጂያት» እላታለሁ፣ እሷ «ተይ፣ አንቺው ጋ ነው የምታምረው» ትለኛለች፣ ተቃቅፈን እናለቅሳለን፣ ዶሮዬን ይዤ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። መንገዱን ሙሉ የተለማመድኩት ይኼን ነው።

በሩን ከፈተች። የሰርጉ ፀጉር ገና አልፈረሰም። «ውሰጂያት» አልኳት። ቃሉን ሳልጨርስ ከእጄ ወሰደቻት። ፎጣውን መለሰችልኝ!

ጠረጴዛው ላይ አቁማ ቁልፏን አዞረች። ዶሮዋ ቀጭ ቀጭ እያለች ዘለለች፣ ለቀመች፣ ጫፍ ላይ ስትደርስ እትዬ በመዳፏ ያዘቻት። ሳቀች። የዓርቡ ሳቅ አይደለም፣ ሌላ ነው። እንደገና አዞረች። እንደገና። ስድሳ ሊሞላት የደረሰ ሴትዮ! ግቢ እንኳ አላለችኝም፣ ራሴ ገባሁ። ንዴት ይሁን ደስታ የያዘኝ አልለየሁትም። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እስቲ እኔም አንዴ ላዙራት» አልኩ።

«ቆይ» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

ቆየሁ።