የአማቶች ስምና የእኔ ዜሮ

ሰኞ፣ ግንቦት 4፣ ጠዋት
መብራት አለ። ኔትወርክም አለ። ቆቦ ላይ ሁለቱ አብረው ሲገኙ ሰው ይጠራጠራል። ፕሮግራሙን አስነሳሁት። ደብተሬ፣ ሥራውን ረስተኸው ይሆናል፦ በሆስፒታሉ ኮምፒውተር ያለውን የበሽተኛ ካርድ ሁሉ ያነባል፤ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ቁስሉ ያመረቀዘበት ካለ ለይቶ ያወጣል። ድሮ ሲ/ር ለምለም አልጋ ላልጋ እየዞረች የምትለቅመው ነበር። አሁን እኔ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። የሚያዝያ ውጤት፦ ዜሮ። የመጋቢትም ዜሮ። ሥራ አስኪያጁ ዶ/ር ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። በዚህ ሙቀት ትከሻ መንካት ቀላል ውለታ አይደለም። ሪፖርቱ ዓርብ ለዞን ይላካል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5
ሲ/ር ለምለምና ዶ/ሩ ተጋጩ። የኦፕሬሽን ዕቃ የሚያመክነው ማሽን በደንብ አይግልም፣ ይፈተሽ፤ እስከዚያ ዕቃው ወልዲያ ሄዶ ይምከን ትላለች። ሰኞ ሦስት እናቶች በቀዶ ጥገና ሊወልዱ ተቀጥረዋል። ዶ/ሩ ኮምፒውተሬ ላይ ያለውን ዜሮ እያሳየ መለሰላት፦ ኢንፌክሽን ከሌለ ምኑ ይፈተሻል? ስትወጣ የቢሮዬ በር ላይ ቆመች። «አንተ ልጅ፣ ዜሮህ አለቃ ሆነብን» አለችኝ። እኔ ግን ትንሽ ኮራሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7፣ ከቀኑ 8 ሰ.
የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ለቅሶ ሄዷል፤ ተተክቼለታለሁ። አንዲት አራስ በባጃጅ መጣች። ትኩሳት። የሆዷ ስፌት አመርቅዟል። ያመጧት እናቷ ናቸው፣ ከሮቢት። ስሟ ዘነቡ። ኮምፒውተሩ ላይ ፈለግሁ፣ የለችም። አዲስ ካርድ ላወጣላት ስል ሌላ እናት ከዋጃ እያለከለኩ ደረሱ፤ አማቷ።
«ጥሩወርቅን የት አስገባችኋት?»
ጥሩወርቅ ማን ናት አልኩ።
«ምራቴ ናታ።»
እናትየው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ዘነቡ ብዬ ያወጣሁላት እኔ ነኝ።»
«ለእርስዎ ዘነቡ ትሁን። እኔ ቤት የገባችው ጥሩወርቅ ሆና ነው።»
ምራት ስትገባ አማት ስም ታወጣለች። እኔም ቤት ያለ ወግ ነው፤ ሚስቴ በእናቴ አፍ ሌላ ሴት ናት። ለኮምፒውተሩ የነገረው ግን የለም። ለቀዶ ጥገናው ያመጧት አማቷ፣ ከዚያ ለአራስነቷ የወሰዷት እናቷ። በጥሩወርቅ ስም የወጣው ካርድ ዋጃ ቀርቷል። ለፕሮግራሙ እንግዲህ፣ ጥሩወርቅ ተሰፍታ በሰላም ቤቷ የገባች ሴት ናት። ዘነቡ ደግሞ ምላጭ ሳይነካት ሆዷ ላይ ስፌት የበቀለባት።

ሐሙስ፣ ማምሻ
ስሙን ትቼ በአባት ስምና በዕድሜ ፈለግሁ። ሌሎችም አሉ። ሁሉም በአንድ ስም ኦፕሬሽን ተደርገው፣ ቁስላቸው አመርቅዞ በሌላ ስም የተመለሱ። ስልክ ደወልኩ። የአንደኛዋን ባል፣ ሚስትህ ስንት ስም አላት ብዬ ብጠይቀው፣ ምን አጠፋች ብሎ ደነገጠ።
ዜሮዬ ዜሮ አይደለም። የማምከኛው ማሽን እውነትም ታሟል።

ዓርብ፣ ግንቦት 8
ለሲ/ር ለምለም ነገርኳት። እፎይ ትላለች ብዬ ነበር። «ዘነቡን አየሃት?» ብቻ አለች። ሄድኩ። ግሉኮስ ተሰክቶላታል፤ ትኩሳቱ አልለቀቃትም። በየትኛው ስም እንደምጠራት ግራ ገባኝ። ሁለቱ አያቶች ሕፃኑን ይቀባበላሉ። የሱ ስም ላይ ገና አልተስማሙም፤ ሁለት ሲሆን ይታየኛል።

ዓርብ፣ ከቀኑ 9 ሰ.
ዶ/ሩ አዳመጠኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሪፖርት የሚወድ ሰው ነው። ለጊዜው ዜሮውን ላከው፣ በሚቀጥለው ወር እናስተካክላለን አለ። የሦስቱ እናቶች ቀጠሮ ግን ሰኞ ነው።

10 ሰ.
ትክክለኛውን ቁጥር ላክሁት። ከሥሩ፦ የማምከኛው ማሽን እስኪፈተሽ ቀዶ ጥገና በዚህ ዕቃ እንዳይሠራ። ሲ/ር ለምለም መቀሱንና መቆንጠጫውን በካርቶን እያሰረች ነው፣ ወልዲያ ለሚሄደው አምቡላንስ። ማን ፈቀደልሽ አላልኳትም። እሷም አላለችኝም።
ዶ/ሩ ከኮሪደሩ ስሜን እየጠራ ነው፤ ከነአባቴ። ልሂድ።