የፈረስ አሽከሩ ጎራዴ

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ደባርቅ

እማዬ ከዳባት ደወለች። ሁለት የማታውቃቸው ሰዎች ቤቷ ድረስ መጥተው፣ አያቴ ከጣሊያን ፈረሰኛ መኮንን የማረከውን ጎራዴ አምጪ አሏት። እጀታው ወርቅ ነው ብለው ሰምተዋል። ነሐስ ነው እኮ! ልጅ ሆኜ በአመድ የወለወልኩት። «የለም» ብትላቸው አንደኛው ሳቀ። «ሐሙስ እንመለሳለን። ብቻዎን ነው አይደል የሚኖሩት?»

ይቺ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣ አለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ዳባት

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት አስፈቅጄ በጠዋት ሚኒባስ መጣሁ። እማዬ ከስታለች። ጎራዴው ጣራው ሥር በሰሌን ተጠቅልሎ አለ። አወረድኩት። ጎበጥ ያለ ነው፣ በፈረስ ላይ ሆኖ ለመቁረጥ። ሰገባው ላይ ማንጠልጠያ ሁለት ቀለበት።

ደባርቅ ልውሰደው አልኳት። «መንገዱ ፍተሻ ነው። ልትታሰሪልኝ ነው?» እውነቷን ነው። ለሚካኤል ዕቃ ቤት እንስጠው ስላትም ደነገጠች። «ታሪኩን ይጠይቁናላ!» ታዲያ ቢጠይቁን ምን አለበት? ፍርሃቷ ሰዎቹን ብቻ አይመስለኝም።

ረቡዕ

እማዬ ምስር እየለቀመች፣ ቀና ሳትል ነገረችኝ። «አባቴ አልማረከውም።»

ጣሊያን ወልቀፊት ሰፍሮ ሳለ አያቴ የዚያ መኮንን የፈረስ አሽከር ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ኮርቻ ጫነለት። አንድ ቀን ፈረሱንም ጎራዴውንም ይዞ ወደ አርበኞቹ ጠፋ። ጣሊያኖቹ በበቀል ቤቱን አቃጠሉት። የመጀመሪያ ሚስቱ ውስጥ ነበረች፤ ነፍሰ ጡር። እሱ ከዚያ ወዲያ «ማረክሁት» ሲል ኖረ።

«ባንዳ እንዳይሉት እስኪሞት ፈራ። እኔም ስፈራለት ኖርኩ» አለች።

ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት ምርኮ ነው እያልኩ አስተማርኩ! እንደ እማዬ እኔም ፈራሁ። ቢሆንም ለጎረቤታችን ለጋሽ ታከለ ስለ ሰዎቹ ነገርኩት።

ሐሙስ

ሦስት ሰዓት ላይ መጡ። በሩ ላይ ቆምኩ። ጋሽ ታከለ ዱላውን ይዞ አጥራችን ጋ ተቀምጧል። «ጎራዴው ለሚካኤል ተሰጥቷል፤ አለቃውን ጠይቁ» አልኩ። ገና አልተሰጠም፤ ከእማዬ አልጋ ሥር ነው። ከሁለቱ ረዥሙ በትከሻዬ አሻግሮ ቤቱን ቃኘ። «እናትሽን ጠብቂ» ብሎኝ ሄዱ።

ምክር ነው? ዛቻ ነው? ምሳ አልበላ አለኝ።

ዓርብ፣ ሚካኤል

ወሰድነው። ከቅዳሴ በኋላ አለቃው ሕዝቡ ፊት የዕቃ ቤቱን መዝገብ ገለጡና «ማን ማረከው ልበል?» አሉ። እኔ ልመልስ ነበር፤ አፌን ከፍቼም ነበር። ምን ልል እንደነበር አሁንም አላውቅም።

«ማንም አልማረከውም፣ አባ» አለች እማዬ። «አባቴ የጣሊያን የፈረስ አሽከር ነበር። ይዞት ጠፋ። ሚስቱን አቃጠሉበት።»

አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ወጡ። አለቃው ብዕራቸውን አነሡና፣ «የሚስቱን የክርስትና ስም ታውቂዋለሽ?» አሏት።

«ወለተ ጊዮርጊስ።»

ጻፉት፤ ከአያቴ ስም ቀጥሎ። «በጸሎት እናስባቸዋለን» አሉ። እማዬ እዚያው ቆማ አለቀሰች። ሲያጉረመርሙ የሰማኋቸውም አሉ፤ እጇን የሳሙም አሉ።

ደባርቅ እንሂድ ብላት እምቢ አለች። የጋሽ ታከለ ሚስት አብራት ልታድር ተስማምታለች። እማዬ ዛሬ ራቷን ጠግባ በላች። እኔ ነገ ልመለስ፣ ልቆይ፣ ገና አልቆረጥኩም።