ስም የሌለው ወረቀት

ይድረስ ለእትዬ፣ ለሆዴ ገመና ከታች፤

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እማዬ ደም ግፊቷን ትለካለች ወይስ አሁንም ነርሷን አኩርፋ ቀረች? አባዬስ ሬዲዮውን ዝቅ ማድረግ ለመደ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ማለቴ እበላለሁ፣ ክፍል እገባለሁ፤ ከትናንት ወዲህ ግን የምነግርሽ ጉድ አለ።

አብራኝ የምትኖረውን ሳቂታን በፎቶ አይተሻታል። እሷ አፏን ስትከፍት መምህራኑ እስክሪብቷቸውን ያስቀምጣሉ። እኔ ሦስት ቀን አምጬ የማወጣውን ሐሳብ እሷ ሳህን እያጠበች ጣል ታደርገዋለች። እትዬ፣ አንጀቴ ያራል! ካልሲዋ እንኳ ከእኔ ካልሲ ዘግይቶ ነው የሚቀደደው። ያኔ አስተማሪው የእጅ ጽሑፍሽን ያደነቀ ዕለት እንዴት እንዳኮረፍኩ ታስታውሻለሽ፤ ያው ነኝ፣ አልተሻለኝም።

ዘንድሮ የፍልስፍና ድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ጉባኤ እኛ ዘንድ ሆነና ከገምጋሚዎቹ አንዷ ሆንኩ። ጽሑፎቹ የሚመጡት ያለ ስም ነው፤ የማን እንደሆኑ ሳናውቅ ነጥብና አስተያየት እንሰጣለን፤ ብልጫ ያገኘው መድረክ ላይ ይቀርባል። ሁለት ደረሱኝ። አንዱ ቃል የገባንለት ሰው ራሱ ቃሉን ከረሳው አሁንም እንታሰርበታለን ወይ ይላል። ሌላው ደግሞ ሳያስብ በጎ ያደረገልንን ሰው ማመስገን ይገባናል ወይ የሚል ነው። ሳቂታ ወር ሙሉ ኩሽና ውስጥ ስለ ቃል ስትለፈልፍ ከርማለች፤ ያንን ወረቀት ሳይ "አገኘሁሽ!" አልኩ። ጥሩ ነበር፣ ምን ልዋሽሽ። ግን ነጥቡን ወለል አስነካሁት፤ "ገና ጥሬ ነው" ብዬም ጻፍኩበት። ሳቂታን እንዲጥልልኝ ለሌላው ሙሉ ነጥብ ሰጥቼ "ዘንድሮ ካነበብኩት ሁሉ ይበልጣል" አልኩ።

ትናንት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ መድረክ ላይ ማን ብትወጣ ጥሩ ነው? ሳቂታ! የምስጋናው ወረቀት የእሷ ነበር። ማንነቱን ለማታውቀው ገምጋሚ እግዜር ይስጠው ብላ ጀመረች፤ አጨበጨቡላት። እኔም አጨበጨብኩ፣ ምን ላድርግ! ዛሬ ጠዋት አስተያየቴን የጋራ መስተዋታችን ላይ ለጥፋዋለች፤ ጥርሴን ስቦርሽ አነበዋለሁ።

ይሄስ ይሁን። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ዝምተኛዋ፣ ትናንት በር ላይ ቆማ የስም ካርድ ስታድል የነበረችው የክፍላችን ልጅ፣ አጠገቤ ተቀመጠች። የቃሉ ጽሑፍ የእሷ ኖሯል፤ ሳቂታ ስትለፈልፍ የከረመችው ስለ እሷ ሐሳብ ነው። ትምህርቱን እንደምትጨርስ ለአባቷ ቃል ገብታለት ነበር፤ እሱ አሁን ፊቷንም አይለይም። "ጥሬ ነው አሉኝ፣ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አልጻፉም። ትቼው ልሂድ ይሆን? እስቲ አንቺ እይልኝ" ብላ ወረቀቱን እጄ ላይ አኖረችው። እሺ ብዬ ተቀበልኩ። ቤት ገብቼ እንደገና ሳነበው፣ ጉድ በይ፣ በእሷም ቀናሁ።

ነገ ልትወስደው ትመጣለች። እነግራታለሁ። እንዳልፈራ ግን ባንቺ ልለማመድ፦ እትዬ፣ ያኔ አስተማሪው ያደነቀልሽ ደብተር ላይ ቀለም የደፋችው ድመታችን አይደለችም፤ እኔ ነኝ። ምስኪን፣ ያለ ጥፋቷ ተባረረች። ስትደውዪልኝ ጤናዬን አትጠይቂኝ፤ መጀመሪያ "ነገርሻት?" በይኝ።

የእማዬንና የአባዬን ጉልበት ሳሚልኝ። መንታዎቹን ጉንጫቸውን ቆንጥጪልኝ፤ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን፣ ያቺን ድመት ከበራችን አንስታ ያሳደገቻትን፣ በተለይ ሰላም በይልኝ።

ታናሽሽ
ከኮሪደሩ መጨረሻ ካለችው ክፍሌ፣ እሑድ ጥቅምት ፲፩ ቀን