«ዓይኔ እያየ አላሳልፈውም» ያሉት ታላቅ እህታችን የሕይወት ታሪክ

ታላቅ እህታችን ከሰዓት ጠጋኙ አባታችንና ከአዋላጅ ነርሷ እናታችን በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር ብርጭቆ በሚንጫጫበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። የበኩር ልጅ በመሆናቸው እኛን ታናናሾቻቸውን ያስጠኑ ነበር፤ የቤት ሥራችንን አይተው «ደህና ነው» ካሉ መምህሩ ቢፈልግም ስህተት አያገኝበትም። ስለዚህ «ወንፊት» ብለን ስም አወጣንላቸው።

በ1980 ዓ.ም. በኮምፒውተር ሳይንስ በማዕረግ ተመርቀው ለዓመታት አስተማሩ። በ1989 ዓ.ም. ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች በላዩ ላይ የሚሠሩበትን ሶፍትዌር፣ በሚያዘጋጅ ድርጅት ተቀጠሩ። ሥራቸው ባልደረቦቻቸው የጻፉትን ኮድ መገምገም ነበር፤ እርሳቸው ካላጸደቁት ወደ ደንበኛ አይሄድም።

በ1994 ዓ.ም. ድርጅቱ አንድ ፕሮግራም በሥራ ላይ እያለ ቢታወክ ችግሩ የት እንዳለ የሚያሳይ መመርመሪያ ሊጨምር ተነሳ። ኮዱን የጻፉት በክፍሉ አንቱ የተባሉ ባለሙያ ነበሩ። እህታችን ግን አንድ ነገር አዩ፤ ፕሮግራሙ ከተቆለፈ፣ ማለትም ባለበት ቀጥ ካለ፣ መመርመሪያውም አብሮ ይቆለፋል። «ሊያክም የገባው ሐኪም ከበሽተኛው ጎን ተኛ ማለት እኮ ነው!» አሉ። መመርመሪያውን በቶሎ ሊያስረክቡ ለደንበኞች ቃል የገቡት አለቃ «ይህ ስንት ጊዜ ያጋጥማል? በቃ ይለፍ» ቢሏቸው፣ «ዓይኔ እያየ አላሳልፈውም» ብለው እምቢ አሉ። አለቃው ከግምገማ ሊያነሷቸው ዛቱ፤ ባለሙያውም ሰላምታ ነሷቸው።

ባለሙያው እህታችንን ለመርታት ራሳቸው ሙከራ አዘጋጁ። ፕሮግራሙን ሆን ብለው ሲቆልፉት መመርመሪያውም ጭጭ አለ። ብድግ ብለው ወደ እህታችን ጠረጴዛ ሄዱና «ረታሽኝ» አሏቸው። እህታችንም «ገና ምን አየህና! ወንበር ሳብ አድርግና ተቀመጥ» አሉ። ጎን ለጎን ተቀምጠው እንደ አዲስ ሠሩት።

በቀጣዩ ዓመት ደንበኛቸው የሆነ የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከል ሲስተሙ በጠራራ ፀሐይ ቀጥ አለበት። ስልኩ ይጮኻል፣ ሾፌሮቹ ቆመዋል፣ የት እንደሚሄዱ የሚነግራቸው የለም። ያን ጊዜ መመርመሪያው የትኛው ሥራ የትኛውን አንቆ እንደያዘ ቁልጭ አድርጎ አሳየ፤ ቋጠሮው ተፈታ፤ አምቡላንሶቹም ወጡ። የማዕከሉ ኃላፊ ደውለው «በጭንቅ ላይ የነበረች እናት በሰላም ተገላገለች» ሲሉ ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። አለቃው በሰው ሁሉ ፊት «ተሳስቼ ነበር» ብለው የእህታችንን እጅ ጨበጡ። እናታችን ደግሞ ይህን ሲሰሙ «እንግዲህ አንቺም አዋላጅ ሆንሽ» ብለው አቅፈው ሳሟቸው።

እኚያ ያኮረፉት ባለሙያ በ1996 ዓ.ም. ባለቤታቸው ሆኑ። በሠርጉ ዕለት «እኔን ራሴን ያሳለፈችኝ በስንት መከራ ነው!» ብለው እንግዳውን በሳቅ አፈረሱት። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ። እህታችን ኋላ የግምገማ ክፍሉ ኃላፊ ሆነው በርካታ ባለሙያዎችን አሠልጥነዋል።

ባደረባቸው የካንሰር ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በ59 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኛን ወንድምና እህቶቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎች ማረፊያ ያኑርልን፤ ለቤተሰቡም ብርታቱን ይስጥ። ያ መመርመሪያ ዛሬም በሥራ ላይ ነው፤ እኛም እያለቀስን፣ ግን አንገታችንን ቀና አድርገን እንሸኛቸዋለን።