በሁለት ቡድን መካከል ስለቀረው መልእክት

ለተከበሩ የምርት ባለቤቶች ሁሉ የበላይ ኃላፊ
ሰባተኛ ፎቅ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ ከቢሮዎ በር ትይዩ እንደተሰቀለው ትልቅ ስክሪን ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ እንዲሆንልኝ፣ ቤተሰብዎም በያለበት ሰላም ውሎ እንዲያድርና እርስዎም የት እንዳለ ሁልጊዜ እንዲያውቁ ከልብ እመኛለሁ። የመጨረሻውን ምኞት ለምን እንደጨመርኩት ዝቅ ብለው ሲያነቡ ይገባዎታል፤ ጊዜ ካጡ ግን ጸሐፊዎ በሦስት ነጥብ አሳጥራ እንድታቀርብልዎ ፈቅጃለሁ።

እኔ፣ ካስታወሱኝ፣ የሆስፒታሎችን ሲስተም ከሚሠሩት ስምንት ቡድኖች የሦስተኛው ቡድን የምርት ባለቤት ነኝ። ይህ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነና የእኛን ሥራ የማያውቅ ሰውም ሊያነበው ስለሚችል፣ የምርት ባለቤት ማለት ምን እንደሆነ ባጭሩ እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ። የምርት ባለቤት ፕሮግራም አይጽፍም። ተጠቃሚው ምን እንደሚቸግረው ያጠናል፣ ፕሮግራመሮቹ የትኛውን ሥራ እንደሚያስቀድሙ ይወስናል፣ የተሠራውን አይቶ ደግሞ “አልቋል” ወይም “አላለቀም” ይላል። በሥልጠናው ላይ የተነገረን እንዲህ ነው። እኔ ወደዚህ ወንበር የመጣሁት አሥራ አንድ ዓመት በነርስነት ካገለገልኩ በኋላ ሲሆን፣ የቀጠሩኝ ሰዎችም “አንቺ በሽተኛውን ታውቂዋለሽ” ብለው ነው የመረጡኝ። እውነታቸውን ነው፣ አውቀው ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ ቁጥር የሌለው ነገር እርስዎ ጋ እንደማይደርስ ተምሬአለሁና።

፩. ስለ ማዕረጌ አመሰግናለሁ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ያወጣው መልአክ ግን ቀልድ የሚወድ መሆን አለበት። ባለቤት ተብዬ በተሾምኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንዲት ቁልፍ ከስክሪኑ ግራ ወደ ቀኝ ለማዛወር የሦስት ሰዎች ፈቃድ እንደሚያስፈልገኝ ተረዳሁ። ስምንት ባለቤቶች ነን፤ ከእኛ በላይ ሁለት የባለቤቶች ባለቤቶች አሉ፤ ከእነሱ በላይ እርስዎ አሉ፤ ከእርስዎ በላይ ደግሞ በየሦስት ወሩ የሚሰበሰብ፣ ማንም መልኩን አይቶት የማያውቅ ኮሚቴ አለ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ አባቶች። እኛ ቤት ግን አጥሩን የሚነቀንቀው ሁሉ ባለቤት ነው፣ በሩን የሚከፍት ብቻ ነው የጠፋው። በመጀመሪያው ሳምንት ከሁሉ በላይ አድርጌ ያስቀመጥኩት አንድ ሥራ ነበር፦ በሽተኛ ከአንድ ሆስፒታል ወደ ሌላው ሲዛወር የት እንደተወሰደ ለቤተሰቡ በስልክ መልእክት እንዲደርስ። ኮሚቴው ተመልክቶ አርባ ሰባተኛ ተራ ላይ አወረደው። ከፊቱ የገባው ሥራ፣ ቡድኖቹ ምን ያህል በመቶ እንደሠሩ ለእርስዎ የሚያሳየው ያ ባለ ቀለም ስክሪን ነው። በጣም ያምራል፣ እግዚአብሔር ያሳምረው።

፪. በትልቁ አዳራሽ ስላደረጉልን የሁለት ቀን የዕቅድ ስብሰባም አመሰግናለሁ። ዘጠኝ ወር ደጅ ከጠናሁ በኋላ ሥራዬ ተራው ደርሶ ነበር። ይሁንና ለአንድ ቡድን በሁለት ሳምንት የማያልቅ ሆኖ ስለተገኘ ለሁለት ተከፈለ፤ የእኔ ሦስተኛ ቡድን “እገሌ ወደዚህ ሆስፒታል ተዛውሯል” የሚለውን ጽፎ ሲስተሙ ውስጥ ባለ አንድ ሳጥን እንዲያስቀምጥ፣ ስድስተኛው ቡድን ደግሞ ከሳጥኑ አንስቶ ወደ ስልክ እንዲልክ ተስማማን። እንደ ደንባችን የየቡድኑን ሥራ በካርድ ጽፈን ግድግዳው ላይ ለጠፍን፤ አንዱ ቡድን የሌላውን እጅ የሚጠብቅ ከሆነም በሁለቱ ካርዶች መካከል ቀይ ክር ወጠርን። ሠላሳ አራት ክር ሆነ። እርስዎ ከሰዓት በኋላ ብቅ ብለው ግድግዳውን አዩና፣ በዚያ በሚታወቁበት ትሕትና፣ “ይሄ እኮ የሸረሪት ድር ነው የሚመስለው! ነገ ጠዋት ስመጣ ከአሥር ክር በላይ እንዳላይ” አሉን።

ትእዛዝ አክባሪዎች ነንና ክሮቹን አወረድናቸው። ልብ ይበሉልኝ፣ ቡድኖቹ አንዱ ሌላውን መጠበቁን አላስቀረነውም፤ ክሮቹን ብቻ ነው ያወረድናቸው። በሦስተኛውና በስድስተኛው መካከል የነበረውን ክር የፈታሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ። ስድስተኛውን ቡድን የሚመራው፣ ለሽበቱ ብለን “አጎቴ” የምንለው ደግ ሰው፣ እንዳልወድቅ የቆምኩበትን ወንበር ይዞልኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት እርስዎ አሥር ክር ቆጥረው አጨበጨቡ፣ እኛም አጨበጨብን።

፫. “አልቋል” የምትለዋን ቃል እንዲህ ርካሽ ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። በሁለት ሳምንቱ መጨረሻ የእኔ ቡድን መልእክቱ ሳጥን ውስጥ ሲገባ አሳየ፣ ተጨበጨበለት። ስድስተኛው ቡድን ራሱ የጻፈውን የሙከራ መልእክት ከሳጥን አውጥቶ ስልክ ላይ አደረሰ፣ ተጨበጨበለት። እኛ የምናስቀምጥበት ሳጥንና እነሱ የሚያነሱበት ሳጥን ሁለት የተለያዩ ሳጥኖች እንደነበሩ ያየ ማንም የለም፤ ሁለቱንም አንድ ላይ የማየት ሥራ በማንም ካርድ ላይ አልተጻፈም ነበርና።

አይ፣ ልዋሽ ነው። አንድ ሰው አይቷል። ከእኛ ፕሮግራመሮች መካከል በዓመት ሁለቴ ከተናገረ ብዙ ተናገረ የሚባል፣ “ዝምታ” ብለን የምንጠራው ልጅ፣ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ “እህቴ፣ ይሄን መልእክት ስልኩ ላይ ያየ ሰው አለ እንዴ?” አለኝ። እኔም “የእኛ ድርሻ አልቋል፣ የቀረው የእነሱ ነው” አልኩት። “እሺ” ብሎ ተመለሰ። ያን ለታ ስክሪኑ ላይ “አልቋል” የምትለዋን አረንጓዴ ምልክት የነካው ጣት የእኔ ነው፤ እርስዎ አልነበሩም፣ ኮሚቴውም አልነበረም። ነርስ ሳለሁ መድኃኒቱ ጠርሙሱ ውስጥ ስለገባ ብቻ በሽተኛው ወስዶታል ብዬ ፈርሜ አላውቅም ነበር። ይህንን መፈረም የተማርኩት እናንተ ቤት ነው።

፬. ደብተሮቹን ስለሰበሰቡልን አመሰግናለሁ። በየመኝታ ክፍሉ፣ ከነርሶች ጠረጴዛ ጎን፣ በሲባጎ የታሰረ አንድ ደብተር ነበር። በሽተኛ ሊዛወር ሲል ተረኛዋ ነርስ የቤተሰቡን ስልክ ከደብተሩ ታነባለች፣ ትደውላለች፣ “ወደዚህ እየወሰድናቸው ነው፣ ቶሎ ኑ” ትላለች። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ደውያለሁ። የተቀደደ፣ ዘይት የነካው፣ የማያምር ደብተር ነበር፤ ግን ያልደወለች ነርስ ማን እንደሆነች ይታወቅ ነበር። ሥራው “አልቋል” በተባለ በሳምንቱ “ከእንግዲህ መልእክቱን ሲስተሙ ስለሚልክ ደብተሮቹ ተሰብስበው ይመለሱ” የሚል ደብዳቤ በፊርማዎ ወጣ። ያን ደብዳቤ ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልደብቅዎትም።

ለሚቀጥለው ቁጥር መስጠት አልቻልኩም፤ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ከስድስት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አባቴን በልብ ሕመም ከተኛበት ሆስፒታል የተሻለ መሣሪያ አለው ወደተባለ ሌላ ሆስፒታል በአምቡላንስ ወሰዱት። እናቴ ያጠበችለትን ፒጃማ ይዛ ሦስት ሰዓት ላይ ስትደርስ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። ተረኛዋ ነርስ “እናቴ፣ እሳቸው ተዛውረዋል። ፋይላቸው እኛ ጋ ተዘግቷል፤ የት እንዳሉ በስልክዎ መልእክት ይደርስዎታል” አለቻት። በልጅቷ አልፈርድም፣ የተነገራትን ነው የተናገረችው። እናቴ ለእኔ ደወለች። እኔ በእርስዎ አዳራሽ የሚቀጥለውን ሦስት ወር እያቀድኩ ነበር፤ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁና “እማዬ፣ አይዞሽ፣ መልእክቱ ይመጣል። እኔ ራሴ ነኝ ያሠራሁት። ከዚያ እንዳትነሺ፣ ስልኩን በእጅሽ ያዢው” አልኳት።

እናቴ ታምነኛለች። ኮሪደሩ ላይ ባለው የብረት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ፒጃማውን ጭኗ ላይ አደረገች፣ ስልኩን መዳፏ ላይ ያዘች። ወንድሜ ሲደውልላት እንኳ መስመሩ ተይዞ መልእክቱ እንዳያልፋት ብላ አላነሳችለትም። ሁለት ጊዜ ደግማ ደወለችልኝ፣ ሁለት ጊዜ “አሁን ይመጣል” አልኳት። የከተማውን ሆስፒታሎች ስልክ በቃሌ የማውቅ ሴት አንዱን እንኳ ደውዬ አልጠየቅኩም፤ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ነበራ! ሰባት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች። አሥር ሰዓት ላይ የዚያኛው ሆስፒታል ነርስ ከአባቴ ቦርሳ ውስጥ የእኔን ስልክ ቁጥር አግኝታ ደወለችልኝ። አባቴ ስምንት ሰዓት ላይ ማረፉን ነገረችኝ። እስከ መጨረሻው ሰው ያውቅ ነበር አለችኝ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እያለ “መጣች?” ይላት እንደነበረም ነገረችኝ። ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው።

እናቴ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ለቅሶ ለሚደርሳት ሰው ሁሉ ብቻ “ልጄ ጠብቂ አለችኝ፣ ጠበቅኩ” ትላለች፤ ስትናገረውም ቁጣ የለባትም። ክቡር ሆይ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

፭. በመጨረሻም፣ ጉዳዩን ለማየት ስለጠሩት “ማንም የማይወቀስበት ስብሰባ” አመሰግናለሁ። በእውነትም ማንም አልተወቀሰም። ሁለቱም ቡድኖች የየራሳቸውን መስፈርት እንዳሟሉ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ፤ የአባቴ ሞትም “ጥሩ የመማሪያ አጋጣሚ” በሚለው ዓምድ ሥር ገባ። እርስዎ እጄን ይዘው አጽናኑኝ፤ ቀጥለውም ስህተቱ በሦስተኛው ቡድን ይመዝገብ ወይስ በስድስተኛው ብለው ጠየቁ፣ የወሩ ሪፖርት እየደረሰ ነበርና። “አጎቴ” ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም፣ እኔም አላየሁትም። ሁለቱን ሳጥኖች የማገናኘቱ ሥራም ወዲያው አንደኛ ተራ ላይ ወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብሎ የሚተርት ሰው እዚያ ስብሰባ ላይ ባይኖር ነው።

የምለምንዎ ሁለት ነገር ብቻ ነው። ከአምቡላንሱ በር እስከ ቤተሰቡ ስልክ ድረስ ያለውን መንገድ ሁሉ አንድ ሰው ይያዘው፤ ያ ሰው ስምንቱም ቡድን አጨብጭቦ ሳለ “አላለቀም” ብሎ የመቆም መብት ይኑረው። እንደዚያ ያለ ሰው እስኪገኝ ድረስ ደግሞ ደብተሮቹ ወደ መኝታ ክፍሎቹ ይመለሱ፤ ዛሬም አንድ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን እያየ ይሆናል። ለራሴ ምንም አልጠይቅም፤ ለእኔ የሚደረግ ነገር አልቋል፣ ይህን “አልቋል” ያለማንም ፈቃድ ልፈርምበት እችላለሁ።

ሥራ የበዛበትን ጊዜዎን በአንድ ተራ ሐዘን ስለተሻማሁ ደግሜ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ አርባ ሰባት ጊዜ እጅ ነስቼ ከመዝጊያው በስተውጭ እሰናበታለሁ።

የሦስተኛው ቡድን የምርት ባለቤት ተብዬ

ግልባጭ፦
ለሦስተኛው ቡድን
ለስድስተኛው ቡድን
በሁለቱ መካከል ላለው፣ ካለ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ፈርሜ ፖስታ ውስጥ ልክተት ስል፣ ዛሬ ጠዋት ሁለቱ ሳጥኖች መገናኘታቸውን ሰማሁ፤ እንኳን ደስ አለዎ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ተከማችተው የነበሩት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት መልእክቶችም ማንም ሳያጣራቸው በአንድ ትንፋሽ ተልከዋል። አንዱ እናቴ ስልክ ላይ ደርሷል። “ውድ ቤተሰብ፣ በሽተኛዎ በሰላም ተዛውረዋል። ሦስተኛ ፎቅ፣ ስድስተኛ አልጋ ላይ እየጠበቁዎ ነው” ይላል፤ ቃላቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ቤተሰብ እንዳይደነግጥ ብዬ። እናቴ አሁን በጥቁር ልብሷ ላይ ጫማዋን አድርጋ የክፍሌ በር ላይ ቆማለች፣ ስልኩን ዘርግታልኝ “ልጄ፣ እንሂድ እንዴ?” ትለኛለች። ጥያቄው ከአንድ ቡድን በላይ የሚመለከት በመሆኑ መልስ መስጠት ከሥልጣኔ በላይ ስለሆነ፣ ምን እንደምላት በክቡርነትዎ በኩል በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።