ሦስት ሜትር ሽቦ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ካሪን፤ የአላስካ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ እዚህ ሚኒሶታ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

እናትሽ በሠራሁላት ትንሽ የራዲዮ ማሰራጫ ዛሬም በየጠዋቱ ለጎረቤት ታሪክ ታነባለች። ባለፈው ማክሰኞ አንድ የመንግሥት ተቆጣጣሪ በራችንን አንኳኳ። ፈቃድ የለንምና ሊወርሰው ነው ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን አንቴናውን ለካና፣ «ኃይሉ ደካማ ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ሽቦው ግን ከሦስት ሜትር ማለፍ የለበትም» አለን።

«በስንት አለፈ?» አለች እናትሽ።

«በአንድ ክንድ፣ እሜቴ።»

«አርቪድ፣ ጉጠቱን አምጣ! ለአንድ ክንድ ሽቦ ብዬ አላሳስርህም!»

ሰውየው ሳቀ። ሽቦውን ቆረጥን፤ እሱም የድንች ቂጣ በልቶ ሄደ።

ድምፃችን አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ አያልፍም፤ ለእኛ ግን በቂ ነው። እናትሽ ድሮ ሁለት ምዕራፍ አንብባ አንድ ዘፈን ትከፍት ነበር፤ ዘንድሮ አንድ ገጽ አንብባ ሁለት ዘፈን ታስከትላለች። ጎረቤቶቻችን «ሙዚቃው በዛልን» ብለው ወደውታል። እኔም ዘፈኑ እስኪያልቅ፣ ሳሏም እስኪበርድላት፣ ጀርባዋን እያሸሁላት አብሬያት እቀመጣለሁ።

ለገና ያሰብሽውን ጉዞ ወደ መስከረም ብታመጪው ምን ይመስልሻል? ያኔ ፖሙም ይደርሳል።

ሰላምሽ ይብዛልኝ። የሚናፍቅሽ አባትሽ፣ አርቪድ።