ሁለት ጊዜ የተሳበው ገመድ

ውድ ጋሽ ተረፈ፣

አድራሻህን ያገኘሁት ከእህትህ ከሸዋዬ ነው። ጅቡቲ ወደብ፣ መርከብ ሥር እየጠለቅህ እንደምትሠራ ስትነግረኝ ደስ አለኝ፤ ቤቴ ስገባ ግን አለቀስኩ። ከቡታጅራ ከሄድክ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ልጽፍልህ ጀምሬ የቀደድኩት ወረቀት ብዙ ነው። ዛሬ ሳልጨርስ አልነሣም።

ያስተዋወቀን ትምህርት ቤቱ ነበር። አንተ ባህር ኃይሉ ሲፈርስ ከምጽዋ ተመልሰህ የውሃ ፓምፕ መጠገኛ ከፍተሃል፤ እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ግፊት የማስረዳው ለተማሪዎቼ አልገባ ሲላቸው፣ ጠላቂ እንደነበርክ ሰምቼ ሱቅህ መጣሁ። «እርስዎ» ስልህ ሳቅህና «አንተ በይኝ፣ መርከብ ላይ አይደለንም» አልከኝ። ክፍል ገብተህ ስለ ባህር ስታወራ ደወል ተደውሎ እንኳ የተነሣ ተማሪ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ወዳጄ ሆንክ።

የእትዬ ዘይባ ልጅ፣ ከድሮ፣ የሰመጠው በ1996፣ በዒድ ማግስት ነው። ከጓደኞቹ ጋር ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ሐይቅ ወርዶ ሊዋኝ ገባ፤ አልወጣም። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ዋና የሚችሉ ሁሉ ፈልገው አጡት። በነጋታው እናቱ በርበሬ መሸጧን ትታ ሱቅህ በር ላይ ተቀመጠች። «ተረፈ፣ አንተ ውሃ ታውቃለህ። ፊቱን ልየውና ይቀበር። ሌላ አልለምንህም» አለችህ።

ያኔውኑ ተያይዘን አዲስ አበባ ሄድን። ድሮ አብሮህ ይጠልቅ የነበረው ሰው ያስቀመጠውን የመጥለቂያ ዕቃ መሬት ላይ ዘረገፈልህ። አመራረጥህን ቆሜ አይ ነበር። ጭምብሎቹን በየተራ ማሰሪያቸውን ሳታጠልቅ ፊትህ ላይ ለጥፈህ በአፍንጫህ አየር ሳብክ። ሁለቱ ወደቁ፤ ሦስተኛው ተጣብቆ ቀረ። «ይሄ ውሃ አያስገባም» አልከኝ። ከመተንፈሻዎቹ ደግሞ አዲሱንና የሚያብረቀርቀውን ትተህ አሮጌውን አነሣህ። ለምን ስልህ፣ «ይሄ ስስበው አየር ይሰጠኛል። አዲሱ ያስለምነኛል። ታች ደግሞ ልመና የለም» አልክ። የአየር ሲሊንደሩን ቡታጅራ ጎማ ቤት እናስሞላዋ ብልህ ተቆጣህ። «የጎማ ቤት አየር ዘይት አለበት፤ ሳንባ ይጎዳል። ጉልበቱም ለዚህ አይበቃም።» እዚያው በባልደረባህ መሙያ አስሞላኸው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሐይቁ ዳር ለመስመጥ ወገብህ ላይ ከምትታጠቃቸው የእርሳስ ክብደቶች ሁለቱን አወጣህ፤ ጨው የሌለው ውሃ እንደ ባህር አያንሳፍፍም አልከኝ። ከዚያ ያን ሁሉ ወንድ ትተህ፣ ወገብህ ላይ ያሰርከውን ገመድ ጫፍ ለእኔ ሰጠኸኝ። «አንቺ ቆጥረሽ ነው የምትሠሪው፤ አትደነግጪም።» አንድ ጊዜ ከሳብክ ደህና ነህ፤ ሁለት ጊዜ ከሳብክ ገመድ እለቅልሃለሁ፤ አራት ጊዜ ከሳብክ እናወጣሃለን። ሦስት ጊዜ አስደገምከኝ።

ጠለቅክ። ውሃው አረንጓዴ ስለሆነ ወዲያው ተሰወርክብኝ፤ የሚታየው አረፋህ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ሳብክ። ቆይተህ ደግሞ አንድ። ከዚያ ነፋስ ተነሣና አረፋህ ጠፋብኝ። ፈለግሁት፣ ፈለግሁት፣ አላየሁትም። ይህን ጊዜ ገመዱ ሁለት ጊዜ ተሳበ።

ጋሽ ተረፈ፣ ሁለት ነበር። በደንብ ቆጥሬዋለሁ። ግን «አራት ነው! ሳቡ!» ብዬ ጮህኩ። ሦስት ወንዶች ከኋላዬ ያዙና ጎተትንህ።

በፍጥነት ስለጎተትንህ ከአፍንጫህ ደም እየወረደ፣ ጆሮህን ይዘህ ወጣህ። እትዬ ዘይባ ከተቀመጠችበት ተነሥታ «አገኘኸው?» አለችህ። መጀመሪያ እኔን አየኸኝ። ለአፍታ ነው፤ ግን ገባህ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረህ «አየሬ አለቀ፣ እህቴ። ይቅር በይኝ» አልካት። የአየር መለኪያው ከጎንህ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ጠቋሚው ገና ግማሹ ላይ ነው። ሰው ሳያየው በነጠላዬ ሸፈንኩት።

ጆሮህ ስለተጎዳ ደግመህ መጥለቅ አልቻልክም። የከድሮ አስከሬን በስድስተኛው ቀን ራሱ ተንሳፈፈ። ሽማግሌዎቹ ውሃው አበላሽቶታል ብለው እናቱ እንድታየው አልፈቀዱም፤ ተገንዞ ተቀበረ። ከተማው ያወራ የነበረው ግን ስለ አንተ ነው። ፈርቶ ወጣ፣ ጠላቂነቱም ወሬ ነው አሉ። አጠገቤ ሆነው ሲሉ እየሰማሁ ዝም አልኩ። አንተም አንድ ቀን አልተናገርክም። ጆሮህ ሲሻልህ ሱቅህን ዘጋህ። መናኸሪያ ስሸኝህ ልነግርህ አፌን ከፍቼ፣ «ውሃ ይዘሃል?» ብዬህ ተመለስኩ።

ለምን እንዳደረግሁት ልንገርህ። እንዳትሞትብኝ ፈርቼ ነው። በልቤ ያለው ከወዳጅነት ያለፈ መሆኑን ያወቅሁት ያን ገመድ ይዤ ነው። ለዚህ መልስ እንድትሰጠኝ ብዬ አልጻፍኩትም፤ የሌላ ሰው እናት የከፈለችበት ነገር ስለሆነ ልደብቀው አልችልም።

ባለፈው ዓርብ ገበያ ሄጄ ለእትዬ ዘይባ ሁሉንም ነገርኳት። አንድ ሰው መጥቶ የበርበሬ ዋጋ ጠየቃት፤ የጆንያውን አፍ አሰረችበት።

«ፊቱን ከለከልሽኝ» አለች።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ተረፈንም ሰው አሰደብሽው።»

«አዎ።»

ተነሣች። የምትመታኝ መስሎኝ ነበር። ወደ ጎረቤት ሻጮቹ ዞራ፣ «ስሙ! ተረፈ ፈርቶ አይደለም የወጣው። ጎትታ ያወጣችው ይቺ ናት!» አለች። ገበያው ሁሉ አየኝ። ባለሁበት ቆምኩ። ልሄድ ስል «ቲቸር» ብላ ጠራችኝ። «ትጽፊለታለሽ?»

«እጽፋለሁ።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ጠይቂልኝ። የይቅርታውን ሌላ ቀን እናወራለን።»

ጥያቄዋ ይኸው ነው፦ ገመድ ልቀቂልኝ ያልከው ከድሮን አይተኸው ነው ወይ? አይተኸው ከሆነ እንዴት ነበር የተኛው? ፊቱስ? ሳትደብቅ ጻፍላት። ማንበብ ስለማትችል የማነብላት እኔ ነኝ። አንተ በእኔ ላይ የምትለውም ካለ፣ አንድም ቃል ሳልዘል አነብላታለሁ።

የበደለችህ ወዳጅህ
እሌኒ
ቡታጅራ፣ ኅዳር 1999 ዓ.ም.